የድሬዳዋ ቤቲንግ ቤቶች፦ ትኬቱ በትክክል ስንት ያስከፍላል?

ከዚራም ሆነ ሳቢያን ያሉት ቤቲንግ ቤቶች በመስተንግዶ ብዙ አይታሙም። ካሸሮቹ ፈጣን ናቸው፤ ቬንትሌተሩም ይሠራል፤ በድሬ የከሰዓት ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትልቁ ጉድለታቸው ዋጋቸውን አለመጻፋቸው ነው። ከምታስይዙት 100 ብር ውስጥ በአማካይ ስንቱ ለቤቱ እንደሚቀር የሚናገር ሰሌዳ የለም። ደግነቱ ይህ ዋጋ ኦዱ (ትኬቱ ሲገባ ያስያዛችሁት ብር የሚባዛበት ቁጥር) ውስጥ ስላለ በስልክ ካልኩሌተር ይወጣል።

ለአንድ ግጥሚያ የተሰጡትን ኦዶች በሙሉ ያዙ፤ 1ን ለእያንዳንዳቸው አካፍሉና ውጤቶቹን ደምሩ። ቤቱ ምንም የማይወስድ ቢሆን ድምሩ ልክ 1 ይሆን ነበር። ለምሳሌ ባለሜዳው 2.10፣ አቻው 3.20፣ እንግዳው 3.30 ከሆነ 0.476፣ 0.313 እና 0.303 ይመጣል፤ ሲደመር 1.092 ነው። 100ን ለ1.092 ስታካፍሉ 91.6 ታገኛላችሁ። ከእያንዳንዱ 100 ብር 8 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ኳሱ ሳይጀመር ሄዷል ማለት ነው። ኦቨርና አንደር 2.5 (ጎሉ ከሁለት ይበልጣል ወይስ አይበልጥም) ሁለቱም 1.85 ከሆኑ የሚመለሰው 92.5 ነው። ሌላ ቤት እዚያው ግጥሚያ ላይ ለሁለቱም 1.92 ቢሰጥ 96 ይመለሳል። በኦድ ሲታይ ልዩነቱ 7 ሳንቲም ብቻ ይመስላል፤ የቤቱን ድርሻ ግን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የሁለት ቤት ኦድ ማወዳደር ከማንኛውም የኳስ ትንታኔ በላይ ይጠቅማል።

ረጅም ትኬት ላይ ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚሄደውም እዚያ ነው። በአንድ ትኬት ጨዋታ ስትደራርቡ ኦዱ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ድርሻም ይባዛል። እኩል ዕድል ያላቸውን 10 ኦቨር አንደሮች በ1.85 እንውሰድ። ጠቅላላ ኦዱ 470 ገደማ ይደርሳል፤ 10 ብር ያስያዘ ሰው 4,696 ብር ይታየዋል። አሥሩም የመግባት ዕድላቸው ግን ከ1,024 አንድ ነው። 1,024 ሰው እያንዳንዱ 10 ብር ቢያስይዝ ቤቱ 10,240 ብር ይሰበስባል፤ በአማካይ ለአንድ ሰው 4,696 ይከፍላል። በነጠላ ጨዋታ ከ100 ብር 92.5 ይመልስ የነበረው ቤት አሁን የሚመልሰው 46 ብር አይሞላም።

«አንድ ጨዋታ ነው የበላኝ» የሚለው የዘወትር እሮሮም ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። ከአሥር ዘጠኙን ብቻ የማግኘት መንገዱ 10 ነው፤ ለእያንዳንዱ አሸናፊ ትኬት በአማካይ አሥር ትኬት በአንድ ጨዋታ ይወድቃል። ይህ ለድል መቃረብን አያሳይም፤ ረጅም ትኬት በተፈጥሮው እንዲህ ነው የሚወድቀው። ቦነሱም አያድነውም፤ በ10 ጨዋታ 20 በመቶ ቢጨመር እንኳ 4,696ቱ 5,635 ቢሆን ነው፤ ከተሰበሰበው 55 በመቶ። በዚያ ላይ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፤ ከ1,000 ብር በታች ያለውን ሳይነካ። ጨዋታ በደረደራችሁ ቁጥር፣ ትኬቱ ከገባ ሽልማቱ ግብር የሚነካው የመሆን ዕድሉም ይሰፋል።

ስፒኑ (ስክሪን ላይ የሚዞረው የቁጥር መንኮራኩር) በተቃራኒው በአንድ ዙር ሲታይ ርካሽ፣ በሰዓት ሲታይ ውድ ነው። ከ0 እስከ 36 ያለው መንኮራኩር 37 ቁጥሮች አሉት። ለአንድ ቁጥር መደቡን (ያስያዛችሁትን ብር) ጨምሮ 36 እጥፍ ከከፈለ ቤቱ የሚወስደው 2.7 በመቶ ነው፤ ድርብ ዜሮ ካለው 5.26 ይሆናል፤ መደቡን ጨምሮ 35 እጥፍ ብቻ ከሆነም 5.4። ስለዚህ መደቡ ውስጡ መኖር አለመኖሩን ካሸሩን ጠይቁ። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። በየ4 ደቂቃው የሚዞር ከሆነ በሰዓት 15 ዙር ነው። በየዙሩ አሥር ቁጥር እያንዳንዱን በ10 ብር የሚይዝ ሰው በሦስት ሰዓት 4,500 ብር ያሽከረክራል፤ በአማካይ 121 ብር ከ50 ይቀርበታል፤ ኪሱ ይዞት የገባው 500 ብር ቢሆንም። ያሸነፈውን መልሶ ስለሚያስይዝ ነው።

ስክሪኑ ላይ «ያልወጡ ቁጥሮች» ተብሎ የሚለጠፈው ዝርዝር ምንም መረጃ አይሰጥም። አንድ ቁጥር 50 ዙር ሙሉ አለመውጣቱ 25 በመቶ ዕድል አለው፤ በማንኛውም ሰዓት ብታዩ ዘጠኝ ያህል እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ይኖራሉ። ቀይ ላይ በ10 ብር ጀምሮ በተበሉ ቁጥር መደቡን እጥፍ ማድረግም ያው ነው። ሰባት ጊዜ ተከታትሎ መበላት 1,270 ብር ይወስዳል፤ የሚደርሰውም ከ106 ሙከራ አንዴ ነው። የቀሩት 105 ሙከራዎች የሚያመጡት 1,050 ብር ብቻ ነው።

ቁጥር መርጦ ዕጣ የሚጠበቅበት ኬኖ ከስፒኑም የደከመ ነው። ከ80 ቁጥር 20 ሲወጣ አንድ ቁጥር የሚገባው ከአራት አንዴ ነው፤ ከ4 እጥፍ በታች ያለው ክፍያ ሁሉ የቤቱ ነው። 3.5 ቢከፍል 12.5 በመቶ ሄደ። አራት ከአራት ለማግኘት ዕድሉ ከ326 አንድ ነው፤ የክፍያ ሰንጠረዡን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ትኬቱ በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ነው የሚታተመው፤ ባጃጅ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ከተተወ ባርኮዱ አይነበብም። እንደተቆረጠ የትኬቱን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። ኦዱንም ካሸሩ ፊት አንብቡ፤ እስኪታተም ድረስ ሊቀየር ስለሚችል ስክሪኑ ላይ ያያችሁት ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለው ነው የሚከፈለው።