የኢንትራንስ "ሞዴል" ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብራችሁን ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰላም የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ ተማሪዎችና ወላጆች፣ በተለይ ቤታችሁ 12ኛ ክፍል ልጅ ያለ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ "የዘንድሮ ኢንትራንስ ሞዴል መልስ ከነማብራሪያው" እየተባለ በ500 ብር የሚሸጥ ፒዲኤፍ አለ፣ እባካችሁ አትግዙት።

እህቴ በቴሌብር ከፍላ ገዝታው ቁጭ ብለን አብረን አየነው። ወላሂ ያናድዳል። ሽፋኑ ላይ በአዲሱ ስርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ ይላል ውስጡ ግን የድሮ ኢንትራንስ ነው፣ ዓመተ ምህረቱን ቆርጠው ለጥፈውታል፣ ፊዚክሱ ጋ ስትደርሱ "ከታች ባለው ስዕል መሰረት" ይላል ስዕሉ ግን የለም። እሱስ ይሁን፣ የባሰው የመልስ ቁልፉ ነው። ሂሳብ ላይ ሁለት ዳይስ ቢወረወሩ ድምራቸው 7 የመሆን ዕድሉ ስንት ነው የሚል ጥያቄ አለ፣ ከ36ቱ 6ቱ ስለሆኑ መልሱ 1/6 ነው። እህቴ ልክ ሰርታው ነበር፣ ቁልፉ 1/12 ሲላት የራሷን በላጲስ አጥፍታ የነሱን ፃፈች። ለምን አጠፋሽው ስላት "እነሱ ያውቃሉ ብዬ ነዋ" አለችኝ። ብሩስ ይቅር፣ ልጅ የምታውቀውን እንድትጠራጠር ማድረግ ግን ነውር ነው። ሻጩ መጀመሪያ "ታርሞ ይላክልሻል" አላት፣ ስትደግምበት ብሎክ አደረጋት።

ፈተናው ከባድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበር። የኛ አካባቢ ልጅ ደሞ በ2014 በጦርነቱ ትምህርት ተቋርጦበት ክፍተቱን እየሞላ እዚህ የደረሰ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚነግዱት በዚህ ጭንቀት ነው። "ፈተናው እጃችን ገብቷል" ብለው ብር የሚጠይቁትንማ ጭራሽ እንዳትሰሟቸው።

ጥያቄ መስራቱ ራሱ በጣም ይጠቅማል፣ ግን የድሮ ኢንትራንስ ካለፉት ተማሪዎች በነፃ ይገኛል። ስትሰሩ ሰዓት ያዙ፣ ካልኩሌተር አትንኩ ፈተናው ላይም አይፈቀድም፣ የሳታችሁትን ለብቻው ደብተር ላይ ፃፉና መፅሀፉ ላይ ምዕራፉን ፈልጋችሁ አንብቡት፣ መፅሀፉ ላይ የሌለ ርዕስ ከሆነ እለፉት። የግድ መግዛት ካለባችሁ መጀመሪያ አንድ ምዕራፍ ከነመልሱ አሳዩኝ በሉና አስተማሪያችሁ ይየው፣ እምቢ ካሏችሁ ተዉት።

የገዛችሁ ካላችሁ የቴሌብር ሜሴጁን እንዳታጠፉ። አብሽሩ፣ ሂሳቡን ቁልፉን ሳታዩ እንደገና ስሩት፣ የተጠራጠራችሁትን ጥያቄ ፎቶ አንስታችሁ ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ማታ ማታ አየዋለሁ።