ለሐዋሳው ባለ ባጃጅ ምስጋና፣ ከተማዋን በአንድ ቀን አይታችሁ ለምትወስኑ ጥቆማ

ሥራ ተዛውሮላችሁም ይሁን ኑሮ ለመቀየር አስባችሁ፣ ሐዋሳን በአንድ ቀን አይታችሁ ልትወስኑ ከሆነ የምንጠቁማችሁ ሰው አለ። ስሙ እንዲወጣ ስላልፈለገ አንጽፈውም፤ ባለ ባጃጅ ነው። ከልብ የምናመሰግነው ቤት ፈላጊ ይዞ ሲዞር ከደላላ ኮሚሽን ስለማይቀበል ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የቀኑን ውጤት የሚወስነው ግን ይሄ ነው። ደላላ የሚያገኘው ቤቱ ሲከራይ ብቻ ስለሆነ የሰፈሩን ጉድለት እንዲነግራችሁ መጠበቅ ከባድ ነው። ይህ ሰው ተከራያችሁም አልተከራያችሁም የቀን ሒሳቡን ያገኛል፤ የትኛው መንገድ ክረምት ላይ ጎማ እንደሚውጥ፣ የትኛው ጥግ ማታ ሰው አውርዶ ለመመለስ እንደሚያሰጋ ደግሞ በየቀኑ የሚኖርበት ነገር ነው።

ኮንትራቱን በሰዓት ሳይሆን በቀን ተነጋገሩ። በሰዓት ከሆነ ሒሳቡ እየቆጠረባችሁ ቤት ውስጥ ቆማችሁ ቧንቧ ለመክፈት እንኳ ትቸኩላላችሁ። ቤንዚኑ በዋጋው ውስጥ መሆኑንም አስቀድማችሁ ለዩ። የባጃጅ ታንክ 8 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፤ ቤንዚን በጠፋበት ሳምንት ሾፌሩ ጠዋት ማደያ ሰልፍ ላይ ከተያዘ ግማሽ ቀናችሁ እዚያው ያልቃል። እሱ ማታውኑ ሞልቶ ያድራል።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ተነስታችሁ ከመጣችሁ ቀኑ ተቆርጦ ነው የሚደርሳችሁ። በዋዜማው ግቡ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ልትከራዩ ባሰባችሁበት ሰፈር አንድ ዙር እንዲያዞራችሁ ጠይቁት፤ የመንገድ መብራት፣ የጭፈራ ቤት ድምፅ፣ የውሻ መንጋ ቀን ላይ አይታዩም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደግሞ ከዚያው ሰፈር ተነስታችሁ እስከ መሥሪያ ቤታችሁ ሂዱና ሰዓታችሁን ያዙ። ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ፣ መንገዱን በእኩለ ቀን ለክታችሁ አትሸወዱ።

ከዚያ ቤት ማየት። ከአራት በላይ አትዩ፤ አምስተኛው ላይ ሁሉም ይደበላለቅባችኋል።

ገና በሩ ላይ ሳላችሁ ባለ ባጃጁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ክረምት ላይ እዚህ ድረስ ትገባለህ?» «እገባለሁ» ካለ ደህና ነው። «አስፋልቱ ላይ ነው የማወርደው» ካለ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ዕቃ ተሸክማችሁ ጭቃ የምትረግጡት እናንተ ናችሁ።

ወደ ሐይቁ የቀረበ ቤት ከሆነ ግድግዳውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የሐዋሳ ሐይቅ ከላይ የሚፈስ መውጫ የለውም። ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ሲከታተሉ ውሃው ከፍ ይላል፣ በዳርቻው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ይነሳል። ምልክቱ ከወለሉ አንድ ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ይገኛል፦ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነጭ ጨው፣ በጥፍር ሲነኩት የሚላጥ ቀለም፣ ከሥሩ ያበጠ የእንጨት በር። ግድግዳው ከላይ አርጅቶ ከታች ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ያንኑ ለመሸፈን ሊሆን ይችላል። የመጸዳጃ ጉድጓዱ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጠጥ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤትን ጠይቁ፤ ውሃ ከሥር የሚገባበት ጉድጓድ ቶሎ ቶሎ ይሞላል።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሊሆን ስለሚችል ቧንቧ ከፍቶ «አለ» ማለት አይበቃም፤ የሚወርደው ከሮቶ ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ክፈቱና መስመሩ ራሱ መስጠቱን እዩ። ከዚያ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሆነና ስንት አባወራ እንደሚጋራው ጠይቁ። አራት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢጠቀም 200 ሊትር ነው፤ 1000 ሊትር ለአንድ ቤተሰብ 5 ቀን ይዘልቃል፣ ሦስት ቤተሰብ ከተጋራው ግን ሁለት ቀን አይሞላም። ግቢው የራሱን ጉድጓድ የሚጠቀም ከሆነ የፍሎራይድ ምርመራ ውጤት እንዳለ ጠይቁ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛል፤ ጥርሳቸው በማደግ ላይ ያሉ ሕፃናትን ጥርስ ያበላሻል፣ ማፍላት ደግሞ አያጠፋውም።

መብራት ላይ ቆጣሪው የብቻ ወይስ የጋራ መሆኑን ለዩ፣ ቀጥሎ ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ብሬከሩ 16 ከሆነ እንጀራ እየተጋገረ ሌላ ነገር ሲሰካ ይወርዳል። ብሬከሩን ብቻ በትልቁ ቀይሮ ሽቦውን ቀጭኑን የተወ ቤት ደግሞ ለቃጠሎ ስለሚያጋልጥ ከሁሉም የባሰ ነው።

ቀብድ ብላችሁ እዚያው ገንዘብ አትስጡ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ፣ ከሁለት ዓመት ያላነሰ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ ያልበለጠ መሆን አለበት። አዋጁ በሐዋሳ ሥራ ላይ መዋሉን አስቀድማችሁ አጣሩና «የስድስት ወር በአንዴ» የሚል አከራይ ሲገጥማችሁ ይህን አንሱበት።

ከምሳ በኋላ ያለው ፈጠን ይላል። ልጅ ካላችሁ ትምህርት ቤት ገብታችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምሩ ጠይቁ፤ የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ስለሆነ ቀድሞ መጠየቁ ይጠቅማል። ሪፈራል ሆስፒታል ከቤቱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እግረ መንገዳችሁን ለኩ። ከቀድሞው ቀበሌያችሁ መሸኛ ማውጣትንም አትርሱ።

ሐይቁን መጨረሻ ላይ አድርጉት። የሐይቁ ዳር አሳ ገበያ የሆነውን አሞራ ገደልን በጠዋት ያየ ሰው አሳውን በልቶ፣ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ አይቶ፣ ልቡ ተሸንፎ ነው ቤት የሚያየው፤ የግድግዳው ጨው አይታየውም። ሥራችሁን ጨርሳችሁ 11 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ያወርዳችኋል። ሲመሽ የመረጣችሁትን ቤት እንደገና እዩት፤ ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ የመስኮቱ ወንፊት የተቀደደ መሆን አለመሆኑን ትንኝ በሚወጣበት በዚያ ሰዓት ነው የምታውቁት።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ከአንድ ቀን በፊት ደውሉለት፣ ሞልቶ እንዲያድር።