መንገድ ሲዘጋ የምታድርባት ፔንሲዮን፣ ደብረ ብርሃን

መናኸሪያው አካባቢ ናት፣ ስሟን ለጊዜው ልተወው። ክረምት ላይ የጣርማ በር መንገድ በናዳ ወይ በጉም ሲዘጋ ወደ ደሴ የሚሄደው ሁሉ ደብረ ብርሃን ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እኛም እንደዚያው ሆንን። ባለቤቷ ዋጋ አልጨመሩም። ይሄ ብቻውን አምስት ኮከብ ያሰጣቸዋል፣ ምክንያቱም ሌላ ቤት የመንገዱ ወሬ እንደተሰማ አልጋው ወዲያው እጥፍ ሆኖ ነበር። «ልጄ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ መጀመሪያ ለቤተሰብሽ ደውዪ» አሉኝ፤ ከዚያ ከታች የመጡ ሹፌሮችን ጠይቀው መንገዱ የት ላይ እንደተቆረጠ አጣርተው ነገሩን።

መብራት ጠፋ። ሻማ አላቸው፣ ጀነሬተር የላቸውም፣ ስለዚህ ፓወር ባንክ ያልያዘ አለቀለት። ሙቅ ውሃም የለም፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ብርድ ልብሱ ስስ ነው፣ ጋቢ ያዙ። ጥሬ ብርም እንዲሁ፣ ኔትወርክ ከሌለ ቴሌብር አይሰራም።

የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 እና የፖሊስን 991 በትልቁ ጽፈው በር ላይ ለጥፈዋል። ትልልቅ ሆቴል ውስጥ እንኳ ይሄን አላየሁም። የጠዋቱ ቅንጬ ግን ጨው በዝቶበታል።