አካሽ ወይስ ቾንጉንግ-2? የአየር መከላከያ ሚሳኤል ገዢ መዘግየቱንም ይመዝን

መካከለኛ አቅም ያለው አንድ አገር ሰማዩን የሚጠብቅበት ሚሳኤል ፍለጋ ገበያ ወጣ እንበል። የአሜሪካው ፓትሪዮት ውድ ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። የሩሲያው ኤስ-400 ደግሞ የአሜሪካን ማዕቀብ ሊያስከትል ይችላል፤ ቱርክ በ2020 ደርሶባታል። ከእነዚህ ቀጥሎ ስማቸው በብዛት ከሚነሳው መካከል የህንዱ አካሽ እና የደቡብ ኮሪያው ቾንጉንግ-2 አሉ። ሁለቱም አገር ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ተሻሽለዋል፤ ሁለቱም ለውጭ ገዢ ተሸጠዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኛው ንጽጽር በርቀትና በፍጥነት ቁጥር ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። እኔ ቀድሜ የማየው የጊዜ ሰሌዳውን ነው። ሚሳኤል ዛሬ ከፍለው ነገ የሚረከቡት ዕቃ አይደለም። ውል ከተፈረመ በኋላ ባትሪው (ራዳሩና ማስወንጨፊያዎቹ አንድ ላይ) መሬት ላይ ቆሞ ሥራ እስኪጀምር ዓመታት ያልፋሉ። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የቾንጉንግ-2ን ግዢ በጥር 16 ቀን 2022 አስታወቀች። በማግስቱ የየመን ሁቲዎች አቡዳቢን በድሮንና በሚሳኤል መቱ፤ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ። የተገዛው መከላከያ ገና አልደረሰም ነበር። በዚያ ከተማ ብዙ የእኛ ልጆች ይኖራሉ፤ ስለዚህ የመዘግየት ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው።

በአካሽ እንጀምር። ህንድ በ1983 ከጀመረችው የተቀናጀ የሚሳኤል ፕሮግራም አምስት ሚሳኤሎች አንዱ ነው። ፕሮግራሙን የመሩት በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት አብዱል ካላም ነበሩ። የመጀመሪያው የበረራ ሙከራ በ1990 ተደረገ። የህንድ ምድር ጦር በይፋ የተረከበው ግን በ2015 ነው። ከጅምሩ እስከዚያ 32 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ቆየ? ህንድ ሁለት ከባድ ነገሮችን ከዜሮ መሥራት ነበረባት። አንደኛው ራምጄት ሞተር ነው፤ አየር እየሳበ ዒላማው ጋ እስኪደርስ ድረስ ይገፋል። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ ብዙ ዒላማ የሚከታተለው ራጄንድራ ራዳር ነው። በዚያ ላይ ምዕራባውያን ከ1987 ጀምሮ የሚሳኤል ቴክኖሎጂ ሽያጭን አጠበቁ። ህንድ በ1998 ኒውክሌር ስትሞክር ደግሞ ማዕቀብ ተጨመረ።

ሚሳኤሉ ከተመረተ በኋላም ችግሩ አላበቃም። የህንድ ዋና ኦዲተር በ2017 ባወጣው ሪፖርት ለሙከራ ከተተኮሱት 20 ሚሳኤሎች ስድስቱ እንደከሸፉ ገለጸ። መገናኛ ብዙኃን ሚሳኤሉ አካሽ መሆኑን ዘገቡ። ከ36 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ተከፍሎም ሥርዓቱ ከታሰበባቸው ስድስት የአየር ኃይል ቦታዎች አንዱም ላይ አልተተከለም ነበር። ግንባታው አላለቀማ! ይህን ሪፖርት ማንኛውም ገዢ አገር ማንበብ አለበት። ሚሳኤሉን ለመናቅ አይደለም። ገንዘብ ቀድሞ ሲወጣና መትከያ ቦታው ወደ ኋላ ሲቀር ምን እንደሚፈጠር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ያም ሆኖ ዛሬ ያለው አካሽ ያኔ የነበረው አይደለም። በ2023 መጨረሻ አንድ የአካሽ ተኳሽ ክፍል በልምምድ ላይ አራት ዒላማዎችን በአንድ ጊዜ መትቷል። በግንቦት 2025 ከፓኪስታን ጋር በተደረገው ግጭትም ህንድ ሥርዓቱ በደንብ እንደሠራላት ተናግራለች። አርሜኒያ የመጀመሪያዋ የውጭ ገዢ ሆናለች።

የቾንጉንግ ታሪክ በጣም ይለያል። ኮሪያዎቹ ሥራውን የጀመሩት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከሩሲያው የጦር መሣሪያ ኩባንያ አልማዝ-አንቴ የቴክኒክ እገዛ አግኝተዋል። ብዙውን አስቸጋሪ መንገድ ያሳጠረላቸው ይህ ነው። የመጀመሪያው ዝርያ ልማቱ በ2011 አልቆ ያረጀውን የአሜሪካ ሆክ ሚሳኤል መተካት ጀመረ። ባሊስቲክ ሚሳኤልን (ወደ ላይ ተወንጭፎ ከከፍታ በከፍተኛ ፍጥነት የሚወርደውን) በቀጥታ ገጭቶ የሚያከሽፈው ቾንጉንግ-2 ደግሞ ከ2012 እስከ 2017 ተሠራ።

ግን እዚህም መዘግየት አለ፤ መልኩ ሌላ ነው። ሚሳኤሉ በ2017 ለውጊያ ብቁ ነው ተብሎ ምርት ሊጀመር ሲል የመከላከያ ሚኒስቴር አመራር አመነታ። ቁጥሩን ቀንሰን የበለጠ ከፍታ ላይ የሚያከሽፈውን ኤል-ሳም ብንጠብቅስ የሚል ሐሳብ መጣ። ክርክሩ ወራት ወሰደ። በ2018 መጀመሪያ የታቀዱት ሰባቱም ባትሪዎች እንዲመረቱ ተወሰነ፤ የመጀመሪያው በ2020 ለሠራዊቱ ደረሰ። ይጠበቅ የተባለው የኤል-ሳም ልማት የተጠናቀቀው በ2024 መጨረሻ ላይ ነው፤ ምርቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ኮሪያ ያኔ ቾንጉንግ-2ን ቆርጣ ኤል-ሳምን ብትጠብቅ ኖሮ በመሃል ለብዙ ዓመት የሳሳ መከላከያ ይዛ ትቆይ ነበር። የሚሻሻለው እስኪመጣ መጠበቅ ለገዢም የሚያስከፍለው ይህንኑ ነው።

አሁን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አካሽ 720 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ቾንጉንግ-2 ወደ 400 ኪሎ ነው፤ አውሮፕላንን እስከ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛል። የአካሽ ማስወንጨፊያ ሦስት ሚሳኤል ይይዛል፤ ከመተኮሱ በፊት ወደ ዒላማው መዞር አለበት። የቾንጉንግ ስምንት ይይዛል፤ ሚሳኤሉ በጋዝ ግፊት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና አየር ላይ ሞተሩ ተነስቶ ወደ ዒላማው ይታጠፋል። ማስወንጨፊያው መዞር አያስፈልገውም። ከብዙ አቅጣጫ በሚመጣ ጥቃት ጊዜ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ሚሳኤሉ ወደ ዒላማው በሚመራበት መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያው አካሽ የራሱ ዒላማ ፈላጊ የለውም፤ መሬት ያለው ራዳር እስከ መጨረሻው ይመራዋል። ራዳሩ ከተመታ ወይም ከታፈነ ሚሳኤሉም አብሮ ይጠፋል። ይህን ጉድለት የሞሉት በ2019 የተሞከረው አካሽ-1ኤስ እና በ2021 የተሞከረው አካሽ ፕራይም ናቸው። ፕራይም በሐምሌ 2025 በሰሜን ህንድ ተራሮች፣ በላዳክ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተሞክሮ ተሳክቶለታል። ደጋማ መሬት ያለው ገዢ ይህን ሙከራ ልብ ሊለው ይገባል፤ አየሩ ስስና ብርዳም በሆነበት ብዙ መሣሪያ ባሕሪው ይቀየራል። ቾንጉንግ-2 ፈላጊውን ከመጀመሪያው ይዞት ነው የመጣው።

ዋጋን በተመለከተ አንድ የቾንጉንግ-2 ሚሳኤል ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ ይነገራል፤ የፓትሪዮቱ ፓክ-3 ኤምኤስኢ ሚሳኤል ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋል። ሳዑዲ አረቢያ አሥር ባትሪ በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝታለች። ህንድ በ2023 ለምድር ጦሯ ሁለት ሬጅመንት የተሻሻለ አካሽ ያዘዘችው በ81.6 ቢሊዮን ሩፒ ነው፤ ያኔ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ሬጅመንት (ከአንድ በላይ ባትሪ የሚይዝ የጦር ክፍል) እና ባትሪ አንድ ስላልሆኑ ቁጥሮቹን በቀጥታ ማካፈል ያሳስታል። በጥቅሉ ግን አካሽ ለኪስ ይቀላል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ስጋታችሁ ባሊስቲክ ሚሳኤል ከሆነ ምርጫው ቾንጉንግ-2 ነው። አካሽ ለዚያ አልተሠራም፤ ርካሽነቱም አያካክሰውም። ስጋታችሁ ተዋጊ ጄት፣ ሄሊኮፕተር፣ ትላልቅ ድሮኖችና ክሩዝ ሚሳኤል (እንደ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚበር) ከሆነና በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ አካሽ-1ኤስ ወይም ፕራይም ይበቃል። በአንድ የቾንጉንግ-2 ባትሪ ዋጋ ብዙ ቦታ መሸፈን ይቻላል። በእኔ ግምት አብዛኛው መካከለኛ አገር ያለው እዚህኛው ሁኔታ ውስጥ ነው።

እጃችሁን ሰብስቡ የምለው ለአካሽ-ኤንጂ ነው። ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይደርሳል የተባለለት፣ ቀለል ያለ፣ ራምጄቱን ትቶ በጠጣር ነዳጅ የሚሠራ አዲስ ሚሳኤል ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን በ2016 ተፈቅዶ፣ በ2021 መጀመሪያ በርሮ፣ በ2024 ጥር ላይም ገና በሙከራ ላይ ነበር። የህንድ ጦር ራሱ ተቀብሎ ሳያሰልፈው ሌላ አገር በመግለጫ ወረቀት ብቻ ገንዘብ ማሰር የለበትም። ሻጭ «ትንሽ ጠብቁ፣ የተሻለው እየመጣ ነው» ሲላችሁ አሁን ፋብሪካ ላይ ያለውን ጠይቁ።

ቾንጉንግ-2 ላይ ያለው አደጋ ሌላ ነው፤ ወረፋ ነው። ኤምሬቶች፣ ሳዑዲና ኢራቅ ተከታትለው ገብተዋል፤ የኮሪያ ሠራዊትም ድርሻውን ይፈልጋል። በ2024 የኢራቁ ውል ሲፈረም ሚሳኤሉን በሚሠራው ኤልአይጂ ኔክስ1 እና ራዳሩንና ማስወንጨፊያውን በሚሠሩት የሃንዋ ኩባንያዎች መካከል በማስረከቢያ ጊዜና በዋጋ ላይ አለመግባባት ተነስቶ ነበር። ስለዚህ ከአንዱ ኩባንያ ጋር ብቻ ተነጋግሮ ቀን መቁረጥ አይበቃም። የራዳሩም፣ የማስወንጨፊያውም፣ የሚሳኤሉም አምራች ለአንድ ዓይነት የማስረከቢያ ቀን ይፈርሙ።

የትኛውንም ብትመርጡ ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር አስገቡ። ክፍያው ከፊርማ ጋር ሳይሆን ከርክክብና ከሙከራ ጋር ይታሰር። ከተረከባችሁት ላይ ራሳችሁ በዘፈቀደ መርጣችሁ የምትተኩሷቸው ሚሳኤሎች ይኑሩ፤ የህንዱ ኦዲተር ያገኘው ጉድለት የታየው በተኩስ ነው። መትከያ ቦታው፣ መንገዱ፣ መብራቱና የባለሙያዎቹ ሥልጠና ደግሞ ሚሳኤሉ ወደብ ከመድረሱ በፊት ይለቅ።