ለትንሽ ግቢ የትኛው ሣር ማጨጃ ይሻላል? የእጅ፣ ባለገመድ፣ ባለባትሪ ወይስ የቤንዚን?

ሣር ማጨጃ ልትገዙ ስትነሱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ሞተሩ ጉልበት ከሆነ ቆም በሉ። ለትንሽ ግቢ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በስንት ቀን አንዴ ነው የምታጭዱት? የምታስቡትን ሳይሆን እውነተኛውን መልስ ነው የምጠይቀው። በየሳምንቱ የሚያጭድ ሰውና ሣሩ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ብቻ ትዝ የሚለው ሰው፣ ግቢያቸው እኩል ቢሆንም አንድ ዓይነት ማሽን መግዛት የለባቸውም።

ትንሽ ግቢ ስል እስከ 150 ካሬ ሜትር አካባቢ ያለውን ማለቴ ነው። ሜትር ከሌላችሁ በእርምጃ ለኩት። የአዋቂ እርምጃ ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን 13 በ13 እርምጃ ማለት 100 ካሬ ገደማ ነው። ሲሚንቶውንና የአበባ መደቡን መቀነስ እንዳትረሱ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግቢውን አሳብጦ ይገዛል።

ሻጮች ደግሞ "ሰፊውን ውሰዱ፣ ቶሎ ይጨርሳል" ማለት ይወዳሉ። እስቲ እናስላው። 100 ካሬ ሜትር ሣር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር የሚቆርጥ ማሽን ይዛችሁ 333 ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። 50 ሳንቲ ሜትር በሚቆርጠው ደግሞ 200 ሜትር። ልዩነቱ ቀስ ብላችሁ ብትገፉ እንኳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ለዚህች ብላችሁ በዛፉና በአጥሩ መሃል የማያልፍ፣ ጥግ ላይ ለማዞር ወገብ የሚቆርጥ ማሽን አትግዙ። ከ32 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

የእጁ፦ ለትጉህ ሰው

ይሄኛው ሞተር የለውም። ስትገፉት ጎማው አምስት ወይም ስድስት ጠምዘዝ ያሉ ስለቶችን ያዞራል፣ ስለቶቹ ደግሞ ከታች ካለው ቋሚ ብረት ጋር እየተገናኙ ሣሩን እንደ መቀስ ይቆርጡታል። ኤድዊን ባዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው። ሐሳቡን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅ ከሚከረክም ማሽን ሲሆን፣ መሠረታዊ አሠራሩ እስካሁን ያው ነው።

ነዳጅ የለ፣ ቻርጅ የለ፣ ገመድ የለ። ማለዳ ብታጭዱበት ጎረቤት አይነቃም። አቆራረጡም ንጹሕ ነው፤ የሣሩ ጫፍ አይተለተልም፣ በማግስቱም አይነጣም።

ግን ኩሩ ነገር ነው። ሣሩ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ካለፈ አስተኝቶት ነው የሚያልፈው። ዞር ስትሉ የተኛው ሣር ቀስ እያለ ተመልሶ ሲቆም ታያላችሁ፣ ያናድዳል። እርሳስ የምታህል ጭራሮ ከገባችበት ደግሞ በአንዴ ቀጥ ይልና እጀታው ሆዳችሁን ይመታል። መሬቱ ጎርበጥባጣ ከሆነም አይመከርም።

ታዲያ ለማን ነው? ሣር ሲታጨድ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ ባይቆረጥ ይመከራል። 6 ሳንቲ ሜትር ላይ ማቆየት የፈለገ ሰው 9 ሳያልፍ ያጭዳል ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የእጁ ማጨጃ ሁሌም ይበቃዋል። አንድ ወር ጠፍታችሁ የምትመጡ ከሆነ ግን ለጌጥ ነው የምታስቀምጡት።

ስለቱን መፈተኛው ቀላል ነው። ቁራጭ ጋዜጣ በስለቱና በቋሚው ብረት መሃል አስገቡና ስለቶቹን በእንጨት አዙሯቸው፣ በጣት አይደለም። ጥርት አድርጎ ከቆረጠ ደህና ነው። ወረቀቱን አጥፎ ካሳለፈው ግራና ቀኝ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ነው። በአንድ በኩል ቆርጦ በሌላው ካጠፈ ደግሞ አንደኛው ጎን ብቻ ላልቷል።

ባለገመድና ባለባትሪ

ብዙ ሰው የሚወዛገበው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ከሥር እንደ ሄሊኮፕተር የሚሽከረከር አንድ ስለት አላቸው። እንደ መቀስ አይቆርጡም፣ በፍጥነት ይመቱታል፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ሣርም ሆነ ግንዱ የጠነከረ አረም ብዙ አያስጨንቃቸውም።

ባለገመዱ ቀላል ነው፣ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ መብራት እስካለ ድረስ አይደክምም። ጣጣው ገመዱ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ማሽን ባለገመድ ነበር፤ ገመዱ ደግሞ አረንጓዴ። ሣር ላይ አረንጓዴ ገመድ! አንድ ቀን ዛፍ ዞሬ ማሽኑን ወደ ኋላ ስስበው "ጧ" አለና ጸጥ። ጎንበስ ስል ገመዱ ሁለት ቦታ ሆኗል። መስመሩ ላይ የነበረው መከላከያ ወዲያው ስላቋረጠው ነው ዛሬ እየሳቅኩ የማወራው።

ስለዚህ ባለገመድ የምትገዙ ከሆነ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር ወዲያው የሚያቋርጥ መከላከያ ሳይኖር አትጠቀሙ። ማራዘሚያው ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን። ጥቅል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተርትሩት፣ እንደተጠቀለለ ከሠራ ይግላል። ከሶኬቱ አጠገብ ጀምራችሁ እየራቃችሁ ሂዱ፤ ገመዱ ሁልጊዜ በታጨደው በኩል ይቀራል። ግቢያችሁ ባዶ አራት ማዕዘን ከሆነ ይሄ ምንም አይከብድም። ሦስት ዛፍና አንድ መደብ መሃል ላይ ካለ ግን ከሣሩ ይልቅ ገመዱን ስትጠብቁ ነው የምትውሉት።

ባለባትሪው ይህን ሁሉ ይገላግላችኋል። ብቻ ቮልቱን ብቻ አይታችሁ አትገምግሙ። አንዳንዱ ላይ "40 ቮልት" ተብሎ የሚጻፈው ባትሪው ሙሉ ሲሆን የሚያሳየው ነው፣ በሥራ ላይ 36 ቮልት ነው። ትክክለኛው ማወዳደሪያ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። 36 ቮልት ባለ 4 አምፔር ሰዓት 144 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 18 ቮልት ባለ 4 ደግሞ 72 ብቻ። ሞተሩ በአማካይ 400 ዋት ቢወስድ የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ገደማ ያስኬዳል፣ ሁለተኛው ግማሹን። ለ100 ካሬ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ሣሩ እርጥብና ረጅም ካልሆነ። እርጥብና ረጅም ከሆነ ሞተሩ ብዙ ስለሚስብ ባትሪው መሃል መንገድ ላይ ይጥላችኋል።

ሞተሩ "ብራሽለስ" የሚል ከሆነ ጥሩ ነው፤ ውስጡ የሚያልቅ ካርቦን የለም፣ ባትሪም ይቆጥባል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ባትሪው ለብቻው ይሸጣል ወይ? ከጥቂት ዓመት በኋላ መድከሙ አይቀርም። መተኪያ ከሌለው ጤነኛ ማሽን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

የቤንዚኑ

በአጭሩ፣ ለትንሽ ግቢ ይበዛል። ጉልበቱ አያጠያይቅም፣ ዱር የሆነውንም ያነሳል። ግን ለ15 ደቂቃ ሥራ ዘይት ማየት፣ የአየር ፊልትሮ ማጽዳት፣ ካንዴላ መፍታት፣ ገመድ ስቦ ማስነሳት አለ። ቤንዚኑ ውስጡ ለወራት ከተኛ ደግሞ ካርቡሬተሩን ይደፍናል፤ ከብዙ ወር በኋላ አልነሳም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ድምፁም ጆሮ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ግቢው ተዳፋት ወይም በጣም የተረሳ ከሆነ፣ ወይም መብራት ጨርሶ የማይደርስ ከሆነ ያኔ እንነጋገር።

ራሱ እየዞረ የሚያጭደውን ሮቦት ለሚጠይቁ፦ የስዊድኑ ኩባንያ ሁስክቫርና እ.ኤ.አ. በ1995 በፀሐይ የሚሠራውን ካወጣ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ለዚህች ግቢ ግን ቅንጦት ነው።

የሚረሳው ነገር

የትኛውንም ብትገዙ ግድግዳ ሥርና ዛፍ ሥር ያለው ሣር ይቀራል። ስለዚህ በክር የሚቆርጠው ትንሹ ማሽን መምጣቱ አይቀርም። እኔ ባለባትሪውን የመረጥኩበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ባትሪ ይሠራሉ። ሣራችሁ 30 ካሬ እንኳ የማይሞላ ከሆነ ደግሞ ማጨጃውን ትታችሁ የክሩን ብቻ ብትገዙ ያስኬዳል። ቁመቱን እኩል ማድረጉ የእጅ ልምድ ይጠይቃል እንጂ።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ፦ በየሳምንቱ የምታጭዱና መሬታችሁ የተስተካከለ ከሆነ የእጁ። በጀት ጠባብ፣ ግቢው ክፍት፣ ሶኬት ቅርብ ከሆነ ባለገመዱ። ለቀረነው ሰነፎች ባለባትሪው፣ 36 ቮልት ባለ 4 አምፔር ሰዓት።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ እጀታውን አጥፉትና በአንድ እጅ አንሱት። የመቁረጫ ቁመት ማስተካከያው በአንድ ማንሻ አራቱንም ጎማ ያንቀሳቅስ እንደሆነ እዩ፤ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚፈታ ከሆነ አንዴ አስተካክላችሁት ዳግመኛ አትነኩትም። ባለሞተር ከሆነ ባትሪው ወጥቶ ወይም ገመዱ ተነቅሎ አጋድማችሁ ስለቱን የያዘውን ብሎን ተመልከቱ። በተለመደው ቁልፍ የሚፈታ ከሆነ ስለቱ ሲዶለዱም ፈታችሁ በሞረድ ትስሉታላችሁ።