«ለሁሉም ሞተር ይሆናል» የሚባለውን የሳጥንና የቦርሳ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያና በየአካባቢው ያላችሁ ሞተረኞች፣ በተለይ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን፣ ለገና ወደ ላሊበላ በሞተር ለመውጣት የምታስቡ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ አትላኩ። የኋላ ሳጥን፣ ሁለት የጎን ቦርሳና መጫኛ ብረት አንድ ላይ «ሙሉ ጥቅል» ተብሎ በርካሽ እየተሸጠ ነው። ሳጥኑ ሊያገለግል ይችላል። ቦርሳውም ለከተማ አያንስም። ጉዱ ያለው ሦስቱንም በሚሸከመው ብረት ላይ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ በቅርበት የማይታየውም እሱ ብቻ ነው።

መጫኛው «ለሁሉም ሞተር ይሆናል» ይባላል። ለሁሉም የተሠራ መጫኛ ለማንኛቸውም በልክ አልተሠራም። የቦክሰር፣ የያማሃ ኤክስቲዜድ 125 እና የኤጂ 100 የኋላ ብሎኖች አቀማመጥ አንድ አይደለም። ስለዚህ አምራቹ ቀዳዳውን ክብ ከማድረግ ይልቅ ረዘም አድርጎ ይሰነጥቀዋል፣ ብሎኑ ወዲያ ወዲህ ተገፍቶ ለማንኛውም እንዲገጥም። አስፓልት ላይ ይህ አይታወቅም። ኮረኮንች ላይ ሲገባ ግን ብሎኑ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ መንሸራተት ይጀምራል፣ ዳዶው ይላላል፣ ሳጥኑ ይወዛወዛል። ከዚያ በኋላ የሚሰበርበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ቱቦው ከጠፍጣፋው ብረት ጋር የተበየደበት ማዕዘን ላይ መጀመሪያ ፀጉር የመሰለ መስመር ይታያል፣ መስመሩ ዝገት ያወጣል፣ ቀጥሎ ይላቀቃል። ሻጩ «አብሽር፣ ምንም አይሆንም» ሲል ይህን ማዕዘን አሳየኝ በሉት።

ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ የቱቦውን ጫፍ የደፈነውን የፕላስቲክ ቆብ አውጡና የብረቱን ውፍረት እዩ። ቱቦው ከ16 እስከ 18 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይሠራል። 1 ሚሊሜትር የማይሞላውን ተዉት። እንዲህ ያለው ሲሰበር ጋራዥ ወስዳችሁ ላስበይደው ብትሉ እንኳ ኤሌክትሮዱ ሲነካው ይበሳል፤ ጎበዝ በያጅ ቢይዘውም ቀጥሎ ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል። ብየዳውንም በጣታችሁ ዳሱት። ዙሪያውን የዞረ መሆን አለበት፤ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ በወፍራም ጥቁር ቀለም የተሸፈነ ብዙ አለ።

ሌላው የሚጎድለው አግድም ብረቱ ነው። የግራና የቀኝ መጫኛዎች ከሰሌዳው በስተኋላ በሚያልፍ አንድ አግድም ብረት መያያዝ አለባቸው። ርካሹ ጥቅል ውስጥ ይህ ብረት የለም፣ ዋጋው የወረደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ያለ እሱ ቦርሳው በየጉድጓዱ መጫኛውን ወደ ጎማው ይገፋዋል። በቀኝ በኩል ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)፣ በግራ በኩል ካቴና (ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት) አለ። ማርሚታ የነካው ናይለን ይቀልጣል፤ ካቴና የያዘው የቦርሳ ማሰሪያ ደግሞ ተጠምጥሞ ጎማውን ይቆልፈዋል። ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ተቆልፎ ምን እንደሚከተል መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ልኩን ባዶ ሞተር ላይ አይታችሁ አትርኩ። ሁለት ሰው ይቀመጥበት፣ ሾኩ እስከታች ይውረድ፣ ያኔም ቦርሳው ከጎማውም ከማርሚታውም ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ይራቅ። ፍሬቻውና ሰሌዳው ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው መታየታቸውን፣ የቦርሳዎቹ ጎን ለጎን ስፋት ከመሪው አለመብለጡንም እዚያው አረጋግጡ።

ስለ ክብደት የሚነገረው ቃል በጣም ያሳስበናል። «30 ኪሎ ይችላል» ተብሎ ይሸጣል። የፕላስቲክ የኋላ ሳጥን በአብዛኛው የሚፈቀድለት ከ3 እስከ 10 ኪሎ ነው፤ ደህናው ሳጥን ላይ ቁጥሩ ከውስጥ ወይም ከሥሩ ታትሟል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሁለቱ ጎማዎች መሐል 130 ሳንቲሜትር ገደማ ያለው ሞተር ላይ፣ ከኋላ ጎማው መሐል 40 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ርቆ 20 ኪሎ ቢቀመጥ፣ የኋላ ጎማው 26 ኪሎ ይሸከማል፣ የፊት ጎማው ላይ ግን 6 ኪሎ ይቀንሳል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ ስትወጡ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ 2,500 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ፤ ዳገቱ ራሱ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥለዋል። ሳጥኑ ሲጨመርበት መሪው ይቀላል፣ ኩርባ ላይ የፊት ጎማው መሬት መያዙ ይደክማል። ስትወርዱ ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰው ይህን ከጎማ ንፋስ ወይም ከኩሽኔታ ያያይዘውና ሳጥኑን አይጠረጥርም። በቅሎ የሚጭን ሰው ሁለቱን ወገን ሳያመዛዝን እንደማይነሳ ሁሉ እዚህም ከባዱ ዕቃ በጎን ቦርሳዎቹ ታችኛው ክፍል በእኩል ይግባ፣ የኋላ ሳጥኑ ቀላሉን ብቻ ይያዝ። የብሎን መፍቻ ቁልፍ፣ ትርፍ ካላማዳሪና የጎማ መንፊያ ወደ ታች፤ ጋቢ፣ የዝናብ ልብስና ዳቦ ወደ ላይ።

«ውሃ አያስገባም» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። ጨርቁ ላይ የተቀባው ስስ ሽፋን ውሃ ይመልስ ይሆናል፤ ቦርሳው ግን በመርፌ የተሰፋ ነው፣ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳም ውሃ መግቢያ ነው። ዚፑም እንዲሁ። ለዚህ ሲባል የሚሰጠው ቢጫ የዝናብ ልባስ በንፋስ ተነስቶ ይሄዳል፣ ወይም ሥሩ ላይ ውሃ አቁሮ ቦርሳውን ከታች ያርሰዋል። የወሎ ዝናብ በበልግም በክረምትም ስለሚመጣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቦርሳውን ገልብጣችሁ ስፌቱን ከውስጥ እዩ። መገጣጠሚያው በሙቀት የተጣበቀ ከሆነ፣ አፉም ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በመቆለፊያ የሚያዝ ከሆነ ይታመናል። ሻጩ ከፈቀደ ሁለት ሊትር ውሃ ከውስጥ ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ አንጠልጥሉት። ካልፈቀደ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሊትሩንም ለኩ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ የውስጡን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሳንቲሜትር አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 40 በ30 በ22 የሆነ ሳጥን 26.4 ሊትር ነው፣ ማስታወቂያው 45 ቢልም። የሁለቱን ቦርሳ ድምር የአንዱ አስመስሎ መጻፍም የተለመደ ነው።

ሳጥኑ ላይ ሁለት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ፣ የጎረቤቱን ሳጥን ቁልፍ ሞክሩበት፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ ብዙ ሳጥኖች በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ። ሁለተኛ፣ ክዳኑን በትንሹ አጥፉት፤ የታጠፈበት ነጭ መስመር ካወጣ ፕላስቲኩ ደካማ ነው፣ የባቲና የቆቦ ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይሰነጠቃል።

የአልሙኒየም ሳጥን ፈላጊዎች ማግኔት ያዙ። ከተጣበቀ አልሙኒየም አይደለም፣ ቀለም የተቀባ ላሜራ ነው። እውነተኛው አልሙኒየም ቢሆንም ከ1.5 ሚሊሜትር የሳሳው በአንድ ውድቀት ይጣመማል፣ ክዳኑም ከዚያ በኋላ አይገጥምም። ምግብና ልብስ በከረጢት ሳይሆን በቀጥታ ካስገባችሁት እየተፋተገ ግራጫ ዱቄት ይለብሳል። ሲወድቅ እግር ሥሩ ሊቀረቀር ስለሚችል ጀማሪ ለስላሳ ቦርሳ ቢይዝ ይሻለዋል፤ የእኛ ምክር ይህ ነው።

በዚያው ገንዘብ የሚሻል መንገድ አለ። መጀመሪያ መጫኛውን በሞተራችሁ ልክ አስበይዱ። በያጁ ሞተሩን ፊቱ አቁሞ ይሥራ፣ በፎቶ አይሥራ። ቱቦው ከላይ በተጻፈው ውፍረት፣ ቀዳዳው ክብና ለብሎኑ ልክ፣ የኋላው አግድም የግድ። ፌሮ አታሠሩ፤ ከባድ ነው፣ ለጭነቱ የሚቀረውን ኪሎ ራሱ ይበላባችኋል። ሲበየድ የባትሪው ገመድ ይፈታ። ሲታሰር ከእያንዳንዱ ብሎን ሥር ሰፊ ሮንዴላ፣ ዳዶውም ከውስጡ ላስቲክ ያለው ይሁን።

ቦርሳውን ደሴ ውስጥ የመኪና ሸራ ለሚሰፉ ሰዎች ስጡ። ስፌት ያለው ሸራ ብቻውን ውሃ አይከላከልም፤ ስለዚህ ውስጡ ወፍራም ላስቲክ ከረጢት ይግባ፣ አፉ ተጠቅልሎ ይታሰር። ሸራው መፋተጉን ይችላል፣ ላስቲኩ ውሃውን ይችላል። ከዚህም የረከሰው ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው፤ በአንድ ጎኑ ሰፊ መክፈቻ ተቆርጦ፣ ከሌላ ጀሪካን በተቆረጠ ተደራቢ ክዳን ሲሸፈንና በቀበቶ ሲጠፈር ሁለቱ 40 ሊትር ይይዛሉ። ፀሐይ ስለሚያደርቀው ስንጥቅ እየጠበቃችሁ ትለውጡታላችሁ፣ መለወጫው ግን ርካሽ ነው።

መንጠቆ ያለውን ላስቲክ ማሰሪያ ለከባድ ዕቃ አትጠቀሙ። ሲለቅ ዓይን ያጠፋል፣ ሲንጠለጠል ካቴና ውስጥ ይገባል። መቆለፊያ ያለው ጠፍጣፋ ቀበቶ ግዙ፣ ትርፉን ጫፍ ጠቅልላችሁ እሰሩት። ቤንዚን የያዘ ጠርሙስ ወይም ጀሪካን በሳጥን ውስጥ አይዘጋ።

በቴሌግራም የምትገዙ ሙሉውን ገንዘብ ቀድማችሁ በቴሌብር አትላኩ። የመጫኛው ብየዳ በቅርብ የሚታይበት፣ ሳጥኑ ላይ ሜትር የተዘረጋበት አጭር ቪዲዮ ጠይቁ፤ ዕቃው በእጁ የሌለ ሰው ይህን መላክ አይችልም። ክፍያው መናኸሪያ ላይ ካርቶኑ ተከፍቶ ብሎኖቹ ሁሉ ተቆጥረው ይሁን። ከሱቅ ስትገዙ ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉ ይህን መብት አይሽረውም። መጫኛውን ስትፈትሹ ፎቶ አንሱ፣ ስንጥቅ ስታዩም ራሳችሁ ሳታስበይዱ ወደ ሻጩ ውሰዱት፤ ከነካካችሁት «አንተ ሰበርከው» ይላችኋል።

ጥቅሉን ቀድማችሁ ገዝታችሁ 15 ቀኑ ያለፈባችሁ ደግሞ ብረቱን ፍቱና ረጃጅሞቹን ቀዳዳዎች በ3 ሚሊሜትር ላሜራ አስደፍናችሁ በሞተራችሁ ልክ እንደገና አስበሱ፣ አግድሙን ጨምሩ። የኋላ ሳጥኑ ላይ ከ5 ኪሎ በላይ አትጫኑ። የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ቆማችሁ ሁሉንም ዳዶ አጥብቁ፣ ያንን የብየዳ ማዕዘንም በጨርቅ ጠርጋችሁ በባትሪ ብርሃን እዩት፤ መስመር ካለ ከዚያ በላይ ጭናችሁ አትሂዱ።