የአሮጌ ላንድክሩዘር ባለቤቶች፣ አዘዞ ያሉትን መካኒክ ሳታማክሩ መኪናችሁን አትሽጡ

ጎንደርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር የምትነዱ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሰውዬውን አመስግኜ አልጠገብኩም። ፊት ለፊት ሳመሰግናቸው "ተይው ልጄ፣ ሥራዬ ነው" ብለው ዝም ያሰኙኛል። እዚህ ግን ዝም የሚያሰኘኝ የለም፣ ስለዚህ የልቤን እጽፋለሁ።

ስማቸውን አልጠቅስም። "ስሜን እየጠራሽ ስልክ ላይ እንዳትለጥፊኝ" ብለው አደራ ብለውኛል። ጋራዣቸው አዘዞ ነው፣ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ በኩል። ትልቅ ግቢ አይደለም። ታፔላም የለውም። በር ላይ የቆሙትን አሮጌ መኪኖች ስታዩ ታውቁታላችሁ።

መኪናዬ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት። በፈረንጆቹ 1992 የተሠራች፣ ረጅሟ ሀርድቶፕ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራራቢ የብረት ቅጠል ስፕሪንግ ያላት። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። አየር እየገፋ ወደ ሞተር የሚያስገባው ቱርቦ የላትም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ከጨረታ ነው የገዛት። ከዚያ በኋላ በሰሜን ተራሮች መስመር፣ ደባርቅ፣ ሳንቃ በር፣ ጨነቅ ሲመላለስባት ኖረ። እንግዳ ይጭናል፣ ድንኳን ይጭናል፣ ስንቅ ይጭናል። ከጃናሞራ የታመመ ሰው ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ይዞ የወረደበት ሌሊትም ብዙ ነው። እኔና ታናናሾቼ የተማርነው በእሷ ነው። አባቴ ሲያርፍ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ቤታችን የሚተዳደረው በእሷ ነው። ይህን የምነግራችሁ መኪናዋ ስትቆም ምን እንደሚቆም እንድታውቁልኝ ነው።

ችግሩ የጀመረው መሪው ላይ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስሄድ ትንሽ ጉድጓድ ከነካሁ መሪው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ፍጥነት ካልቀነስኩ አይቆምም። ሰው ጭኜ፣ በግራ በኩል ገደል እያየሁ መሪው እጄ ውስጥ ሲንዘፈዘፍ የተሰማኝን ፍርሃት ለማንም አልመኝም።

ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ጀመርኩ። የማንንም ስም አልጠራም። ስም ብጠራ ገንዘቤ አይመለስልኝም። ግን የሆነውን ልናገር።

አንዱ ጋ "ጎማው ነው" አሉኝ። ጎማ ቀየርኩ። መንቀጥቀጡ እዚያው ነው። ሌላው ጋ "መሪውን የሚይዘው አሞርዛተር ሞቷል" ተባልኩ። እሱንም ገዛሁ። ለጥቂት ጊዜ ጋብ አለልኝና ተመልሶ መጣ። ሌላው ደግሞ መሪውን ረስቶ "ይቺ መኪና ጉልበት የላትም፣ እኛ ጉልበት እንሰጣታለን" ብሎ የናፍጣ ፖምፓዋን ነካካው። እውነት ነው፣ ከተማ ውስጥ ትንሽ ቀለል አለችኝ። ወገራን ስወጣ ግን ከኋላዬ የሚመጣው መኪና እስከማይታይ ድረስ ጥቁር ጭስ! የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ይወጣል፣ ናፍጣውም ያልቃል። ናፍጣ በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ! ተመልሼ ብጠይቅ "የዚህ ዘመን መኪና መሰለሽ እንዴ? አሮጌ መኪና መጨሱ ምን ይገርማል?" አሉኝ።

አንድ ቦታ አድራ ስትወጣ ኦርጅናል ዲናሞዋ ወጥቶ ሌላ ገብቶላታል። ምስክር የለኝም። አባቴ በቀለም ምልክት ያደረገበት ዲናሞ ስለነበር ነው ያወቅኩት። ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን አነጋገራቸው ነው። "ባልሽን ላኪው።" "ወንድም የለሽም?" "ሾፌሩን ጥሪና እሱ ያስረዳን።" ሾፌሯ እኔ ነኝ ስል ፊታቸውን ወደ ረዳቴ አዙረው ለእሱ ያወራሉ። ሊማሊሞን በክረምት የወረድኩ ሰው ነኝ፣ የራሴን መኪና ሕመም በራሴ አፍ መናገር ተከለከልኩ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄም አልቀናኝም። እዚያ "ይህ ሞተር አልቆለታል፣ አውጥተን ሌላ እንግጠምልሽ" አሉኝ። የጠየቁኝ ብር መኪናዋን ከነነፍሷ ያሸጣል። ያለቀለትን ሞተር ግን "እኛው እንገዛዋለን" ይሉኛል። ያኔ ነው ሰው ማመን ያቆምኩት። ለመሸጥ ሁለት ደላላ አናግሬ ነበር። እናቴ ግን "የአባትሽን መኪና ከጓሮ አቁሚያት እንጂ አትሽጫት" ብላ ለመነችኝ።

አዘዞ ያሉትን ሰው የጠቆመኝ የደባርቅ መስመር አይሱዙ ሹፌር ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ስማረር ሰምቶኝ "እኒያን አባት አሳይተሻቸው ታውቂያለሽ?" አለኝ። እግዜር ይስጠው።

ስደርስ ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱኝም። መጀመሪያ ጠየቁኝ። መቼ ነው የሚጀምራት? ጠዋት ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት? ጉድጓድ ስትነኪ ነው ወይስ በለስላሳውም ነው? ሁሉንም የጠየቁት እኔን ነው። ረዳቴ አጠገቤ ቆሟል፣ እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነው። ተናግሬ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

ከዚያ የፊት እግሯን በክሪክ አስነሡ። "ነይ ልጄ፣ አንድ እጅሽን ከጎማው ላይ፣ አንዱን ከታች አድርጊ። አሁን ግፊ፣ ሳቢ።" ገፋሁ፣ ሳብኩ። ጎማው ይወዛወዛል። በእጄ ተሰማኝ። "ቆይ፣ እንዳትለቂ" አሉና ልጁን ጋቢና ገብቶ ፍሬን እንዲረግጥ አዘዙት። "አሁንስ?" አሉኝ። አሁንም ይወዛወዛል። "አየሽ፣ ፍሬን ተይዞም ካልቆመ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አይደለም። ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው ያለቁት።" በቃ፣ ያ ሁሉ ወጪና መከራ ምክንያቱ ይኸው ነበር። ፈትተው ሲያሳዩኝ ውስጡ ያለው ግራሶ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ቀጥኗል። አዲሶቹ ኩሽኔታዎችና ዘይት የሚያግዱት ጎሚኒዎች ተደምረው የአንድ ጎማ ዋጋ አይሞሉም።

እጄ በግራሶ እንደተነከረ ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው የጠፋው ብር ቆጭቶኝ መሰላቸው። "አታልቅሺ፣ መኪናዋ ደህና ናት" አሉኝ። ያስለቀሰኝ ግን ብሩ አይደለም። ያን ያህል ጊዜ ዞሬ "ነይ፣ አንቺው ንኪው፣ አንቺው እዪው" ያለኝ ሰው ስላልነበረ ነው። እኔን እንደ ሰው፣ እንደ ሹፌር ቆጥረው አሳዩኝ። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ስለ ጭሱ ስነግራቸው ደግሞ "ግቢ ውስጥ ቆማ ምን ትነግረኛለች፣ ዳገት ላይ ልስማት" ብለው ተነሡ። እኔ ነዳሁ፣ እሳቸው ጎኔ ተቀመጡ። በወገራ በኩል ሽቅብ፣ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ማለት ነው። ብዙም አላወሩ። አንዳንዴ "ማርሽ አውርጂ" ይላሉ፣ አንዳንዴ መስኮት ከፍተው ጭሱን ያያሉ። ጥግ አስይዘውኝ ወረዱና አስረዱኝ። የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ጎንደር ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛው ያህል ይጎድላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ናፍጣው ሲበዛበት የሚያቃጥልበት አየር ስለሌለው ጥቁር ጭስ አድርጎ ይተፋዋል፣ ሞተሩም ይግላል። "ጉልበት ሰጠንሽ ያሉሽ ናፍጣ ነው የሰጡሽ" አሉኝ። ፖምፓዋን ወደ ልኩ መለሱት። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኑዝሎችም አስፈተሹ። ከዚያ በላይ ስለ ፖምፓ የማውቀው የለም፣ ብቻ ጭሱ ቀረ። የምትጠጣው ናፍጣም ቀነሰልኝ።

ለተራራ መንገድ ስለማዘጋጀትም አማከርኳቸው። ብዙ ልጆች "ቱርቦ አስገቢ፣ ትልልቅ ጎማ ግጠሚ፣ ከፍ አድርጊያት" ይሉኛል። እሳቸው ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ። ቱርቦ ሊገባላት ይችላል፣ ግን ሞተሯ ሲሠራ ለእሱ ስላልታሰበ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ሰውና በቂ ገንዘብ ይፈልጋል፣ አለበለዚያ ፒስተኗን ታቃጥያለሽ አሉኝ። ትልቅ ጎማም ያምራል፣ ዳገት ላይ ግን ጉልበቷን ይወስድብሻል። በፋብሪካው ልክ፣ በ7.50 በ16 ጎማ ላይ ቆዪ አሉኝ። ከእኔ ብር መቀበል ይችሉ ነበር እኮ! "እሺ" ቢሉኝ እከፍላቸው ነበር።

በምትኩ የሠሩልኝ ይህን ነው። የረገበውን የኋላ ባሌስትራ አድሰው አንድ ቅጠል ጨመሩበት፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ጭነት አለብኝ። ጥሩ አሞርዛተር አስገቡ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አደረጉ፣ የትም ሰምቼው አላውቅም። ከፊትና ከኋላ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክፍል፣ የሚተነፍስበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ያን ጊዜ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ይበላሽና ጥርሱ ያልቃል። እሳቸው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ቀጥለው እስከ ሞተሩ ክፍል ድረስ ወደ ላይ አወጡት። ዋጋው ምንም ማለት አይደለም። ክረምት ላይ ወንዝ የምታቋርጡ ሁሉ ይህን አሠሩ፣ እባካችሁ።

ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው ያስመጡልኝ። ደረሰኙን አንድ በአንድ አስረከቡኝ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በካርቶን አድርገው "ይኸው፣ ቆጥረሽ ውሰጂ" አሉኝ። የተረፈውንም ብር መለሱልኝ። ከዲናሞው በኋላ ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የተጠናቀቀችው ለጥምቀት እንግዶች ሳይመጡ ነው። ስንለያይ "ሊማሊሞን ስትወርጂ በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ፣ ፍሬን ላይ አትተኚ" አሉኝ። ቃል በቃል የአባቴ ንግግር ነው። አባቴ መንዳት ያስተማረኝ እዚያው ሊማሊሞ ላይ ነበር፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ባወጣው በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ። እኔ መሪ ይዤ፣ እሱ እጁን ከእጅ ፍሬኑ ሳያነሳ፣ ዛሪማ እስክንደርስ ያቺኑ ይደጋግምልኝ ነበር። ይህን ለመካኒኩ ነገርኳቸው። "አባትሽ ጥሩ ሹፌር ነበሩ ማለት ነው" አሉኝ። ለእናቴ ስነግራት ደስ ብሏት እልል አለች።

አሁን መኪናዋ ጨነቅን አልፋ በቧሂት በኩል ጃናሞራ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። መሪው ዝም ያለ ነው። ጭስ የለም።

ስለዚህ ሂዱ። እኔ ያየሁትን እንዳታዩ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂዱ። ሞተር አልቆለታል ከተባላችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ሂዱ። ሴት ሹፌሮች፣ እናንተ በተለይ ሂዱ፣ በአክብሮት ትስተናገዳላችሁ። ዲኤክስ ኮሮላ ይዛችሁ "ፍጥነት ጨምሩልኝ" የምትሉ ወጣቶችም ሂዱ፣ ግን አስቀድመው "ፍሬንህን አሳየኝ" ይሏችኋል፣ እንዳትቆጡ። አንድ ወጣት እኔ ፊት ተቆጥቶ ነበር፣ የፍሬን ሸራው አልቆ ብረቱ ብቻ እንደቀረ ሲያሳዩት ዝም አለ።

ወረፋ እንዳለ ግን እወቁ። አይጣደፉም፣ አጣድፋችሁ አታስቸግሯቸው። እሁድና በዓል አይሠሩም። ሒሳባቸው ተገቢ ነው፣ አትከራከሯቸው። ስትሄዱ መኪናችሁ ምን እንደሚሰማት አስባችሁ ሂዱ፣ ይጠይቋችኋልና።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ እልካለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡልዎት፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እናቴም ሰላም ብላዎታለች።